ቦቴ፣ ኩሬና ስድስት ሰው

አሜሪካ ገጠር ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ሌሊት ቤት ቢቃጠል፣ ቱቦ ይዞ የሚደርሰው ሰው ቀን ቀን መካኒክ፣ አስተማሪ ወይም ላም አርቢ ነው። ለዚህ ሥራው ደሞዝ አይከፈለውም። ፊልም የሚያሳየን የኒው ዮርክና የቺካጎ ደሞዝተኞችን ስለሆነ ብዙዎቻችን አናውቀውም እንጂ፣ ከሀገሪቱ እሳት አጥፊዎች 65 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1736 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ዩኒየን ፋየር ካምፓኒ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲና ዕቃ ማሸሻ ከረጢት በቤቱ ያስቀምጣል፤ በወር አንዴ ይሰበሰባሉ፤ የቀረ ይቀጣል፤ የቅጣቱ ገንዘብ ለመሰላልና ለፓምፕ መግዣ ይውላል። እድር ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ዛሬ ጥሪው የሚመጣው በ911 በኩል ነው። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ አድራሻ ይጠይቃል፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ መኪናው የት እንደሚላክ ይታወቃልና። ወዲያው የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ፔጀር ይጮኻል፤ ከእንቅልፉ የነቃው ሁሉ በራሱ መኪና ወደ ጣቢያው ይሮጣል። በኒው ዮርክ ግዛት የግል መኪናው ላይ ሰማያዊ መብራት ማብራት ተፈቅዶለታል፤ ነገር ግን ሌላው ሾፌር መንገድ የሚለቅለት በጨዋነት እንጂ በሕግ ተገዶ አይደለም። ትራፊክ መብራት ቀይ ሲሆንም እንደማንኛውም ሰው ይቆማል።

ኤንኤፍፒኤ የተባለው የእሳት መከላከል ማኅበር ለገጠር ያወጣው መለኪያ፣ ከአሥር ጥሪ በስምንቱ 6 ሰው በ14 ደቂቃ ውስጥ ይድረስ ይላል። ስድስት ሰው በቂ ይመስላል፤ እስኪ ሥራውን እናከፋፍላቸው። ጭስ ወደሞላ ቤት ሁለት ሆነው ይገባሉ። ሌሎች ሁለት ሙሉ ትጥቃቸውን እንደለበሱ ውጭ ይጠብቃሉ፤ የገቡት ቢወድቁ የሚያወጧቸው እነሱ ናቸው። አንዱ ከፓምፑ አጠገብ አይለይም፤ አንዱ ያዛል። መሰላል የሚያቆም፣ ሁለተኛ ቱቦ የሚጎትት ከየት ይምጣ? ሁለቱ ሲገቡ ሁለቱ ውጭ እንዲጠብቁ የሚያዘው ሕግ አራቱ ሳይሟሉ መግባትን የሚፈቅደው ውስጥ የሰው ሕይወት ሲኖር ነው።

ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉትን ሲሊንደር ብዙ ሰው ኦክስጅን ይለዋል፤ የታመቀ ተራ አየር ነው። ለ30 ደቂቃ ይበቃል የተባለው፣ ደረጃ እየወጣ ሰው ለሚጎትት እሳት አጥፊ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። ትጥቁ ላይ ያለች አንዲት መሣሪያ ደግሞ ለባሹ 30 ሰከንድ ያህል ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ትጮኻለች።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ግን ውሃ ነው። ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ካለው መክፈቻ ላይ ቱቦ መቀጠል ይቻላል፤ ገጠር ብዙ ቦታ የቧንቧ መስመር የለም። መኪናው ራሱ ይዞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ 1,000 ጋሎን፣ ማለትም 3,800 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ቱቦ በደቂቃ 570 ሊትር ያህል ስለሚረጭ፣ ሁለት ከተከፈተ ውሃው አራት ደቂቃም አይቆይም። ስለዚህ መኪናው አጠገብ ታጣፊ የሸራ ገንዳ ይዘረጋል። ከኩሬ ውሃ ጭኖ የመጣ ቦቴ ከኋላ ያለውን ሰፊ መዝጊያ ከፍቶ በጥቂት ደቂቃ ይገለብጥበትና ወደ ኩሬው ይመለሳል፤ ሌላ ቦቴ ይተካል። ፓምፑ ከገንዳው የሚስበው በማይታጠፍ ጠንካራ ቱቦ ነው፤ ለስላሳው ሲሳብ ይጣበቃል።

ከገንዳም ሆነ ከኩሬ ውሃ ሲሳብ የሞተር ጉልበት ብዙም አይረዳም። ፓምፑ አየሩን ከቱቦው ያወጣል እንጂ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው የውጭው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን እንኳ ከ10 ሜትር ብዙም ከፍ አይልም፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ደግሞ በስሌት እንኳ ከ8 ሜትር በታች ነው። ብልሆቹ መንደሮች ጫፉ ኩሬው ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ቧንቧ ቀድመው ይቀብራሉ። መኪናው ዳር ቆሞ ቱቦውን ይቀጥልበታል፤ ላዩ በረዶ ቢሠራም ከሥር ይስባል።

ይህ ሁሉ ለእሳት ተሰናድቶ፣ እሳት ግን ከጥሪዎቹ ትንሹ ድርሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የሕክምና ጥሪ ነው፤ ልቡን ያመመው፣ የወደቀች አሮጊት፣ መኪና ውስጥ ተጣብቆ በሃይድሮሊክ መቁረጫ የሚወጣ ሰው።

ገንዘቡ በከፊል ከንብረት ግብር፣ በከፊል ከቢንጎና ከዶሮ ጥብስ ሽያጭ ይመጣል። አዲስ መኪና ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያወጣበት ዘመን ስንት ዶሮ መጠበስ እንዳለበት አስቡት። ያም ሆኖ ገንዘብ ከሰው ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ 900 ሺህ የሚጠጉት በጎ ፈቃደኞች በ2020 ወደ 677 ሺህ ወርደዋል። ክፉው ሰዓት ደግሞ ሌሊት ሳይሆን የሥራ ቀን ነው፤ አባላቱ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ስለሚውሉ። ስለዚህ የጎረቤት ከተሞች እሳት አጥፊዎች ገና ጥሪው እንደመጣ አብረው ይላካሉ፤ አንዳንዱ ከተማም ለቀኑ ብቻ ደሞዝተኛ ቀጥሮ ሌሊቱንና ቅዳሜ እሑድን ለበጎ ፈቃደኞች ይተዋል።

ሐበሻ በብዛት የሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ መንደር የሚባል ባይሆንም፣ እዚያም ደሞዝተኛውና በጎ ፈቃደኛው አብረው ይሠራሉ። በጎ ፈቃደኛ ለመሆን የግድ እሳት ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ መዝገብ የሚይዝና ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰውም ይመዘገባል።