ጦስኝ አይንተከተክም

ጦስኝ የደጋ ሰው ሻይ ነው። መንዝን፣ ጣርማበርን፣ የሰሜን ተራሮችን ወይም የባሌዋን ድንሾን በእግሩ የረገጠ ሰው ሳያውቀው ጦስኝንም ረግጦ አልፏል። መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ግንዱ የጠነከረ፣ ቅጠሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ፣ ሐምራዊ አበባው ንብ የማይለየው ተክል ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ፤ የሁለቱም መገኛ ይኸው የእኛ ደጋ ነው። አንደኛው ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ሺምፐር ከተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ሰውየው 40 ዓመት ያህል በአገራችን ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ አረፈ።

ጥቅሙን የደጋ እናቶች ከማንም በላይ ያውቁታል። ጉንፋን ሲይዝ፣ ሳል እንቅልፍ ሲነሳ፣ ሆድ ሲነፋ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ጦስኝ ይጠጣል፤ ማር ከተገኘ ይጨመርበታል። ሻይ ቅጠል በማይገዛበት ቤት ሻዩ ራሱ እሱ ነው። ሽሮና በርበሬ ውስጥም ይገባል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። አንዲት ቅጠል በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ብርሃን አንሱ፤ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ዘይቱ የተቋጠረው እዚያ ነው። በውስጡ በብዛት የሚገኙት ታይሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ። ታይሞል ጀርም ስለሚገድል በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ ሳይቀር ይጨመራል። የጉሮሮ ማሳከክ ጋብ የሚለው፣ ደረት ቀለል የሚለው ሻዩ ይህን ዘይት ይዞ ሲወርድ ነው።

ታዲያ በየቤቱ ምን ይደረጋል? ጦስኙ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ይጣዳል፤ ክዳን የለውም፤ ውኃው ቡናማ እስኪሆን ድረስ ይንተከተካል። «ደህና አድርጎ ካልፈላ መድኃኒቱ አይወጣም» የሚለውን ከስንት ሰው እንደሰማሁት! ቤቱ በጦስኙ ሽታ ሲታወድም «ይኸው ወጣ» ይባላል። አዎ፣ ወጥቷል። የወጣው ግን ወደ ጣሪያው ነው።

ነገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል፤ ታይሞል ለብቻው የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፣ የደጋ ውኃ ደግሞ ከ100 ዲግሪም በታች፣ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንዴት አድርጎ ያባርረዋል? መልሱ እንፋሎቱ ነው። ዘይቱ ራሱ ባይፈላም እንፋሎት አብሮ ይዞት ይነሳል። ዘይቱን ለይተው የሚያወጡ ባለሙያዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው፤ በቅጠሉ መካከል እንፋሎት ያሳልፉና እሱን አቀዝቅዘው ዘይቱን ይሰበስባሉ። ክዳን በሌለው ማንቆርቆሪያ የሚያንተከትክ ሰውም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የሚሰበስብለት ብቻ የለም። ብርጭቆው ውስጥ የሚቀረው ቡናማ፣ መራራ፣ አፍ የሚይዝ ውኃ ነው። ጥቁረቱ የብርታት ምልክት አይደለም፤ በወጉ የተዘጋጀ የጦስኝ ሻይ መልኩ ፈዘዝ ያለ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ይደረግ፦ ውኃው ለብቻው ይፍላ፤ ከእሳት ይውረድ። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ጦስኝ ጨምራችሁ ወዲያው ክደኑት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። ክዳኑን ስታነሱ ከሥሩ ውኃ አቁሯል፤ እሱን መሬት ላይ እንዳታራግፉት። አሽትቱት፤ ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ሊያመልጥ ሲል ክዳኑ የያዘው ዘይት ስለሆነ ወደ ብርጭቆው መልሱት። ጋቢ ተከናንቦ ለመታጠን ከሆነ ግን ማፍላቱ ትክክል ነው፤ እዚያ የሚፈለገው እንፋሎቱ ነውና። ማድረቂያውም ጥላ ነው፤ ቀትር ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጦስኝ ገና ሳይጣድ ሽታውን ጨርሷል።

አንድ ነገር ግን በጣም ያስቆጣኛል፤ ጦስኝ ጀመርኩ ብሎ የደም ግፊት መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው። ጦስኝ ሻይ ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን አይተካም። ነፍሰ ጡሮችም አብዝተው ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንዲት እናት እስር እስር አድርገው ሲሸጡ አገኘሁ። ከየእስሩ ሥር አፈር የያዘ ሥር ተንጠልጥሏል። «እማማ፣ ሥሩ ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው።

«ምንም አያደርግልህም ልጄ። ነቅለን ካላመጣን ግን እስሩ ቀጠነ ብላችሁ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ።»

እውነታቸውን ነው። ጦስኝ ጫፉ ቢቀነጠብ ለዓመታት የሚያቆጠቁጥ ተክል ነው፤ ከነሥሩ የተመነገለ ግን አበቃለት፤ ያ ቦታም ራቁቱን ይቀራል። የመንዝን የጓሳ ሣር ምድር በራሱ ደንብ እየዘጋና እየከፈተ ከ300 ዓመት በላይ የጠበቀ አገር ለጦስኝም ሥርዓት አያጣም። ከኛ ከገዢዎቹ የሚጠበቀው ከነሥሩ የመጣውን ትቶ የተቀነጠበውን መግዛት፣ እስሩ ቢቀጥንም በዋጋው አለመከራከር ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከተማችሁ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ ለጦስኝ አይከፋም። ትኩስ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ውኃ በማይቋጥር አፈር፣ ፀሐይ ባለበት በረንዳ፣ ማሰሮ ውስጥ ትከሉት፤ ውኃ ግን አታብዙበት።