ስልካችን ተቆልፏል፤ ሲም ካርዳችንስ?

በመስቀል ሰሞን የወልቂጤና የቡታጅራ መናኸሪያዎች ከአዲስ አበባ በሚመጣ ተጓዥ ይጨናነቃሉ። በእንዲህ ያለ ግርግር ስልክ ቢጠፋ የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ጭምር በመሆኑ፣ ከቀፎው ዋጋ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው።

ብዙዎቻችን ቀፎውን በምስጢር ቁጥር ስንቆልፍ ሁሉም የተዘጋ ይመስለናል። ነገር ግን የስልክ ቁጥራችን የሚከተለው ሲም ካርዱን እንጂ ቀፎውን አይደለም። ሲሙ ወጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ቢገባ፣ እንደ ቴሌግራም ያሉ አገልግሎቶች በአጭር መልእክት የሚልኩት የማረጋገጫ ቁጥር ሲሙን ለያዘው ሰው ይደርሳል።

መከላከያው ምንድን ነው?

ሲም ካርድ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ለገዢው የሚደርሰው ቁልፉ ሥራ ላይ ሳይውል ነው። በስልኩ «ሴቲንግ» ውስጥ «ሲም ሎክ» ወይም «ሲም ፒን» የሚለውን ብናበራ፣ ሲሙ ቀፎ በተቀየረ ቁጥር ፒን ይጠይቃል። ፒኑ 3 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይዘጋል፤ ለመክፈትም 8 አኃዝ ያለው ፒዩኬ ያስፈልጋል። ፒዩኬው 10 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ስለዚህ ነባሩን ፒን አስቀድሞ ማረጋገጥ እንጂ በግምት መሞከር አይገባም።

ስለ ፒኑም ጥቂት እናስላ። ባለ 4 አኃዝ ፒን 10×10×10×10፣ ማለትም 10,000 አማራጮች አሉት። በ3 ሙከራ የማግኘት ዕድሉ ከ10,000 ውስጥ 3 ብቻ ነው። የልደት ዓመታችንን ከመረጥን ግን አማራጮቹ ወደ 100 ገደማ ይወርዳሉ፤ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ብናሰላ እንኳ ከ200 እምብዛም አያልፉም። «1234» ደግሞ ስሌትም አያሻውም።

ፋብሪካው ለምን አልዘጋውም?

የፋብሪካ ምርጫ በአብዛኛው ምቾትን ያስቀድማል። ኮምፒውተር ለዚህ ምስክር ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ፍላሽ ሲሰካበት በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በቀላሉ እንዲያስነሳ ተደርጎ የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ መዛመት የጀመረው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ ይህንንም መንገድ ተጠቅሟል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ባሠራጨው ማሻሻያ ይህን ምርጫ ለፍላሽ ዘጋው።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን ዛሬውኑ እንፈትሽ፦ የሲሙን ፒን ማብራት፤ የመልእክት ይዘት በተቆለፈ ስልክ ገጽ ላይ እንዳይታይ ማድረግ፤ በቴሌግራም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን በይለፍ ቃል ማጽናት። ሦስቱም ወጪ የላቸውም፤ የሚጠይቁት የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው።