ባቡሩ ሲወጣ መጽሐፍ የገባባት ከተማ

በዌልስና በእንግሊዝ ድንበር፣ ዋይ ከሚባለው ወንዝ ዳር፣ ሄይ-ኦን-ዋይ የምትባል ነዋሪዋ ሁለት ሺህ የማይሞላ ከተማ አለች። በዚህች ትንሽ ስፍራ ሃያ የሚያህሉ የመጻሕፍት መደብሮች ተሰብስበዋል፤ አብዛኞቹም የሚሸጡት አሮጌ መጽሐፍ ነው። አንደኛው መደብር የቀድሞ ሲኒማ ቤት ነው። ሌላው ስለ ወንጀልና ስለ ነፍስ ግድያ የተጻፈ ካልሆነ አይሸጥም። በከተማዋ ግንብ ግቢ ደግሞ ሻጭ የሌለባቸው መደርደሪያዎች አሉ፤ ገዢው የወደደውን አንሥቶ፣ ሒሳቡን ሣጥን ውስጥ ጨምሮ ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው ከሊቃውንት ዘመን የወረደ ወግ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከስድሳ ዓመት ብዙም አይዘልም፤ የተጀመረውም ከተማዋ መዳከም በያዘችበት ሰዓት ነው።

ሄይን ለማወቅ ከድንበሩ መነሣት ይሻላል። ዱላስ የምትባል ጅረት በከተማዋ ጫፍ ወርዳ ከዋይ ትቀላቀላለች፤ ከጅረቷ ወዲህ ዌልስ፣ ወዲያ እንግሊዝ ነው። እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ዌልስን እየገፉ ሲይዙ በየድንበሩ ግንብ ያቆሙ ነበር፤ የሄይ ግንብም የዚያ ወረራ ቅሪት ነው። በመካከለኛው ዘመን ከተማዋ «የእንግሊዝ ሄይ»፣ በዙሪያዋ ያለው ገጠር ደግሞ «የዌልስ ሄይ» ተብለው ለየብቻ ይተዳደሩ ነበር። ድንበር ላይ መኖር ዋጋ ያስከፍላል። በ1216 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን አቃጠላት። በ1231 ደግሞ ታላቁ የሚባለው የዌልስ መስፍን ልዌሊን መጥቶ አወደማት።

ከዚያ ዘመን ሰዎች የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራላት የግንቡ ጌታ ሚስት ማቲልዳ ደ ብራዮስ ናት። ንጉሥ ጆን ልጅሽን በመያዣነት ስጪኝ ሲላት፣ የገዛ ወንድሙን ልጅ ለገደለ ሰው ልጄን አልሰጥም አለች ይባላል። ንጉሡ ይህን አልረሳም። በ1210 እርሷም ልጇም በእስር ላይ በረሃብ አለቁ። ሕዝቡ ግን በተረቱ ግዙፍ ሴት አድርጎ አቆያት፦ ግንቡን ድንጋይ በሽርጧ እየተሸከመች በአንድ ሌሊት ሠራችው፤ ከድንጋዮቹ አንዱ ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ቢቆረቁራት አውጥታ ወንዙን አሻግራ ወረወረችው። «ጠጠሩ» ማዶ ባለችው የሎውስ መንደር ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ነው።

ሄይ እንዲህ ያለ ወሬ አጥታ አታውቅም። በ1921 ኸርበርት አርምስትሮንግ የተባለ የከተማዋ ጠበቃ ሚስቱ ሞተችበት። ከወራት በኋላ በዚያው መንገድ ላይ ቢሮ ያለውን ተፎካካሪውን፣ ኦስዋልድ ማርቲንን፣ ሻይ ጋበዘው፤ በእጄ ስለ ሰጠሁህ ይቅርታ ብሎም ቅቤ የተቀባ ዳቦ አቀበለው። ማርቲን ቤቱ ገብቶ ክፉኛ ታመመ፤ ግን ተረፈ። አማቱ የከተማዋ መድኃኒት ሻጭ ነበሩ፤ ለአርምስትሮንግ አርሴኒክ የሸጡትም እርሳቸው ነበሩና ጠረጠሩ። የሚስትዮዋ አስከሬን ተቆፍሮ ሲመረመር አርሴኒክ ተገኘበት። ሰውዬው መርዙን ለአረም ማጥፊያ ነው የገዛሁት ቢልም አልተሰማም። ቤቱ ከጅረቷ ማዶ በእንግሊዝ በኩል ነበር፤ የተዳኘውም በእንግሊዟ ሄርፎርድ ከተማ ነው። ግንቦት 31 ቀን 1922 ተሰቀለ፤ በብሪታንያ «ሶሊሲተር» ከሚባሉት ጠበቆች በነፍስ ግድያ የተሰቀለ ብቸኛው እርሱ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያው ቢሮ የሠራ፣ በዚያው ቤትም የኖረ ሌላ ጠበቃ፣ አርምስትሮንግ ንጹሕ ነበር ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። ያም መጽሐፍ መደርደሪያ አያጣም።

ወደ ኑሮው እንምጣ። የሄይ እንጀራ የበግ ሱፍና ገበያ ነበር። በ1816 ፈረስ የሚስበው የሐዲድ መንገድ፣ በ1864 ደግሞ የእንፋሎቱ ባቡር ገባላት። ቅቤና ቺዝ ይሸጥባቸው የነበሩ፣ በ1830ዎቹ የተሠሩ የገበያ አዳራሾች ዛሬም ቆመዋል። በ1962 መጨረሻ ግን የመንገደኛው ባቡር ተቋረጠ። ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች መሄድ ጀመረ፤ ሱቆች ተዘጉ፤ ቤት ረከሰ።

በዚያው ሰሞን ሪቻርድ ቡዝ የሚባል ከኦክስፎርድ ተመርቆ የወጣ ያካባቢው ወጣት በቀድሞው የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ ከፈተ። ብዙ ሰው ቡዝን እንደ ቀልደኛ ብቻ ይተርካል፤ እኔ ግን ሒሳቡ ከቀልዱ ይበልጥብኛል። አሮጌ መጽሐፍ አይበላሽም፤ የሚፈልገው ሰፊ ጣሪያና ርካሽ ኪራይ ነው። ሄይ ደግሞ የተረፋት ባዶ ቤት ነበር። አንድ የመጽሐፍ ሱቅ ለማየት ማንም ከለንደን ተነሥቶ ተራራ አያቋርጥም፤ ሠላሳ ሱቅ ካለ ግን ያቋርጣል። ስለዚህ ቡዝ ተፎካካሪ አልፈራም፤ ይልቁንም በዚያችው ከተማ ሌሎች ሻጮች እንዲከፍቱ ፈለገ። መጽሐፉን የሚገዛው በመኪና ጭነት ነበር፦ ከአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ሲዘጉ ከተበተኑት የዌልስ ሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት። ሲኒማ ቤቱን በመጽሐፍ ሞላ፤ ግንቡንም ገዛ።

ሚያዝያ 1 ቀን 1977፣ ማለትም ፈረንጆች በውሸት በሚቀላለዱበት ዕለት፣ ቡዝ ሄይ ነጻ መንግሥት ሆናለች፣ እኔም ንጉሧ ነኝ ብሎ አወጀ። ፈረሱን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገ። ፓስፖርት አተመ፤ የመስፍንነት ማዕረግ በገንዘብ ሸጠ። ጋዜጠኞች ጎረፉ፤ የከተማዋ ስም በዓለም ተሰማ። ከቀልዱ ሥር ግን ቁም ነገር ነበረ። ቡዝ የገጠር ከተሞችን የሚገድላቸው ከሩቅ ቢሮ የሚመጣ የልማት ዕቅድና ትልልቅ የሱፐርማርኬት ኩባንያዎች ናቸው ባይ ነበር፤ የከተማ ገንዘብ በዚያችው ከተማ መዞር አለበት ይል ነበር። ሐሳቡ ባሕር ተሻገረ። በ1984 የቤልጅየሟ ረዱ የመጻሕፍት መንደር ሆነች፤ በፈረንሳይና በስኮትላንድም ተከታዮች ተነሡ። ሄይ ራሷ በጥንታዊ የብራና መጻሕፍቷ ከምትታወቀው ከማሊዋ ቲምቡክቱ ጋር እህትማማች ከተማ ሆናለች።

በ1988 የሄይ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ተጀመረ። በ2001 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን መጥቶ ከ1969ው የአሜሪካ የሙዚቃ ድግስ ጋር አመሳስሎ «የአእምሮ ዉድስቶክ» አለው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ከከተማዋ ሕዝብ ብዙ እጥፍ የሚሆን ሰው ይጎርፋል። ቡዝ ደስ አላለውም፤ ፌስቲቫሉ የሚያስተዋውቀው አዲስ መጽሐፍ ነው፣ የእኛ ንግድ አሮጌ ነው ይል ነበር። ልክ ነበር፤ ሆኖም ኢንተርኔት መጥቶ አንባቢው ያሻውን አሮጌ መጽሐፍ ከቤቱ ማዘዝ ሲጀምር ከተማዋ እንዳትዘነጋ ያደረጋት ያው ፌስቲቫል ነው። ንጉሡ ግንቡን በ2011 ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሸጦ በ2019 ዐረፈ። ግንቡም ታድሶ በ2022 ለሕዝብ ተከፈተ።

ዛሬ የሄይ ጭንቀት ወንዙ ነው። ዋይ ከፕሊንሊሞን ተራራ ወጥቶ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሳልመን ዓሣው የታወቀ፣ ሰው የሚዋኝበትና በታንኳ የሚቀዝፍበት ውኃ ነበር። በተፋሰሱ ውስጥ የዶሮ እርባታ በመስፋፋቱ አሁን ወደ 20 ሚሊዮን ዶሮ ይረባል ይባላል። ኩሳቸው እንደ ማዳበሪያ በእርሻ ላይ ይበተናል፤ ዝናብ ፎስፌቱን አጥቦ ወንዝ ይከታል። ውኃው በበጋ አረንጓዴ ይለብሳል፤ በውስጡ የሚበቅለው ሣር ይጠፋል፤ ዓሣው ይመናመናል። በ2023 የእንግሊዝ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የወንዙ ሁኔታ እየባሰ መሄዱን በይፋ መዘገበ። ወንዙ ከዌልስ ወደ እንግሊዝ ስለሚሻገር ተጠያቂው በሁለት መንግሥታት መካከል ይጠፋል፤ የድሮው ድንበር እዚህም ላይ እያስከፈለ ነው።

ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ባቡሩ ሄርፎርድ ላይ እንደሚያበቃ ይወቅ፤ የቀረው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ነው። በፌስቲቫሉ ሰሞን ማደሪያ ማግኘት ከባድ ነው። መጽሐፍ ለመፈለግ ከሆነ ሌላ ወር ይምረጡ፤ ከቀኖቹም ሐሙስን፤ የገበያ ቀኗ ነው።