ስለ ስልክ ሒሳብ የወንድና የሴት ነጋዴ አሳብ

በአዳማ ገበያ ወንዱም ሴቲቱም ነጋዴ ሒሳብ በስልክ ይቀበላሉ፤ ከዚህ የሚጠብቁት ጥቅም ግን ይለያያል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ወንዱ አዘውትሮ የሚጠይቀው «ሽያጬን ያፋጥንልኛልን?» ሲል ነው። ሴቲቱ ግን «ለብድር ምስክር ይሆነኛልን?» ትላለች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባንክ መያዣ ሲጠይቅ የቤት ካርታ በስሟ የሌላት ነጋዴ ከደጅ ትመለሳለች። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2004 ዓ.ም. የጸደቀውና አዳማን የጨመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት ይህን የብድር ችግር ለማቃለል የታሰበ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ የደንበኛውን የሒሳብ እንቅስቃሴ እየመዘነ ያለ መያዣ ማበደር ጀመረ።

ስለዚህ የሴቲቱ ጥያቄ ለሁላችንም ይበጃል። ፍጥነት የዛሬውን ሽያጭ ያበዛል፤ በቅጡ የተያዘ መዝገብ ግን የነገውን ንግድ ያጸናል። ክቡራን ነጋዴዎች፥ የየዕለቱን ገቢ ከቤት ወጪ ለይታችሁ በንግድ ሒሳባችሁ ተቀበሉ።