ከስደት ለተመለሰች እናት የሠለጠነ አጽናኝ

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ከስደት የሚመለስ ሁሉ ልቡ አብሮት አይመለስም። አባቱ ለሞተበት የቲም እናቱ እንቅልፍ አጥታ፣ ሰው ሸሽታ ስትመለስለት ቀለብና ደብተር ብቻ አይበቃውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ተግባራትን ያስተምራል፦ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። የሠለጠነ ረዳት አስቸኳይ ችግሯን ያያል፤ ያለፈችበትን እንድትናገር ሳያስገድድ ያዳምጣታል፤ ከቤተሰብና ከአገልግሎት ሰጪዎች ጋር ያገናኛታል። ራሷን ለመጉዳት ካሰበች ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ያደርሳታል። ዱዓ ሕክምናን አይከለክልም። ስለዚህ ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች ሥልጠና ከሰደቃችን ድርሻ እንመድብ። አላህ (ሱ.ወ) ይቀበለን።