ስለ ባት መኰማተርና ስለ መድኃኒቱ

መኪና ሳይበዛ በነበረበት ዘመን ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚሻገር መንገደኛ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድ ነበር፤ ወንዙንም ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣ ነበር። ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ስለ ሆነ፥ ማለዳ በደጋው ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ከታች ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ቍልቍለቱ ጕልበትን ያንቀጠቅጣል፤ ዐቀበቱም ባትን ያደክማል።

አንድ ልጅ ከአጎቱ ጋር በዚህ መንገድ ሄደ እንበል። ቀኑን ሙሉ ሲወርድና ሲወጣ ዋለ፤ ከሰዎቹ ወደ ኋላ እንዳይቀርም ፈርቶ ውኃ ለመጠጣት አልቆመም። ማታ ካደሩበት ቤት እራቱን በልቶ ተኛ። በእኩለ ሌሊት ግን «እግሬን! እግሬን!» እያለ ጮኸ። ባቱ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፥ የእግሩም ጣቶች ወደ ታች ታጥፈው ነበር። የቤቱ ሰዎች ሁሉ ደንግጠው ተነሡ። አንዱ «በዱላ ደብድቡለት» አለ። ሁለተኛውም «የረጋ ደም ነው፤ ይበጣ» ብሎ ምላጭ ሊያመጣ ሮጠ። አጎቱ ግን «ቆዩ» አለ፤ ከልጁም እግር አጠገብ ተቀመጠ። ጕልበቱን ዘረጋለት፤ የእግሩንም ጣቶች ይዞ ወደ ልጁ ፊት በዝግታ ሳበ። እስከ 30 በቈጠሩ ጊዜ ባቱ ለሰለሰ፤ ልጁም ዝም አለ። ምላጩ ሳይነካው ቀረ።

ልጆች ሆይ፥ አጎቱ ያደረገው ነገር ምሥጢር አይደለም፤ እናንተም ልትማሩት ትችላላችሁ። አስቀድሞ ግን የሕመሙን ምክንያት ማወቅ ይገባል።

በግ ሲታረድ ያየ ልጅ ቀዩ ሥጋ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ መሆኑን ያውቃል። ይህ ሥጋ ጡንቻ ይባላል። ነርቭ የሚባሉት ከአከርካሪ የሚመጡ ቀጫጭን መልእክተኞች ሲያዝዙት ጡንቻ ይሰበሰባል፤ ትእዛዙም ሲቆም ይላላል። እኛም የምንራመደውና ዕቃ የምናነሣው በዚህ ሥራ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ትእዛዙ እየተደጋገመ ይመጣል፤ ጡንቻውም እንደ ተሰበሰበ ይቀራል። ሰዎች «ጅማት ያዘኝ» የሚሉት ይህንን ነው። ነገር ግን የሚኰማተረው ጡንቻው ነው እንጂ ጅማቱ አይደለም፤ ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያስር ገመድ ነውና። በምላጭ የሚወጣ ክፉ ደምም በውስጡ የለም።

ይህ ነገር ብዙ በሠራና ብዙ በተጓዘ ሰው ላይ ይመጣል፤ በሽማግሌዎችና በነፍሰ ጡሮችም ላይ ይበዛል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ባትን ነው፤ ነገር ግን የእግርን መዳፍና ጭንንም ይይዛል።

የደረቀ ጠፍር አይታችኋልን? በድንገት ቢጐትቱት ይበጠሳል። አርሰው፥ በእጅ አሽተው፥ ጥቂት በጥቂት ቢስቡት ግን ይለሰልሳል፥ ይዘረጋልም። የተኰማተረ ጡንቻም በኀይል ሳይሆን በዝግታ ሊዘረጋ ይገባዋል። መድኃኒቱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ሥራውን ወይም ሩጫውን አቁሙ። ባት የተያዘ እንደ ሆነ ጕልበትን ዘርግታችሁ የእግርን ጣቶች ወደ ፊታችሁ ሳቡ፤ እስከ 30 ድረስም በዝግታ ቍጠሩ። እጃችሁ ባይደርስ ነጠላን በእግር መዳፍ ላይ አዙራችሁ ሁለቱን ጫፎች ሳቡ። መቆም የሚችል ሰው ተነሥቶ ተረከዙን በመሬት ላይ ይጫን። የጭን ጀርባ የተያዘ እንደ ሆነ ጕልበቱን እንደ ዘረጋችሁ እግሩን ወደ ላይ አንሡ። የጭን ፊት የተያዘ እንደ ሆነ ግን ጕልበትን አጥፋችሁ ተረከዝን ወደ መቀመጫ ሳቡ።

ሁለተኛ፥ ጡንቻውን በመዳፍ ቀስ ብላችሁ እሹት። ቅቤ ወይም ዘይት ቢቀቡት እጅን ያንሸራትታል፤ የሚረዳው ግን እሽታው ነው።

ሦስተኛ፥ ጨርቅን በሞቀ ውኃ ነክራችሁ ጨምቃችሁም በባቱ ላይ አኑሩ። ነገር ግን ቈዳን እንዳያቃጥል አስቀድማችሁ በራሳችሁ ክንድ ላይ ፈትኑት።

አራተኛ፥ ብዙ ያላበው ሰው ውኃ ይጠጣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. ሞስ የሚባል እንግሊዛዊ፥ በጥልቅና በሞቃት ጕድጓድ ውስጥ ድንጋይ ከሰል ስለሚቈፍሩ ሠራተኞች ጽፎ ነበር። እነዚህ ሰዎች ብዙ ካላባቸው በኋላ ባዶ ውኃ እጅግ አብዝተው ሲጠጡ ጡንቻቸው ይኰማተር ነበር። በላብ የሚወጣው ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ነውና፥ ጥቂት ጨው ያለበትን ውኃ መጠጣት ጠቀማቸው። በላብ ወይም በተቅማጥ ለደከመ ሰው በቤት የሚዘጋጀው መጠጥ እንዲህ ነው፤ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ማንኪያው እስከ ጠርዙ ይሞላ እንጂ አይቈለል፤ ጨው ሲበዛ ይጐዳልና። ሳያልበው በሌሊት ባቱን ለሚይዘው ሰው ግን ጨው መድኃኒት አይደለም።

በሌሊት ብዙ ጊዜ የሚያዝ ሰው ከመተኛቱ በፊት በግድግዳ ፊት ይቁም። ሁለት እጆቹን በግድግዳው ላይ አድርጎ፥ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሣ፥ ወደ ፊት ያዘንብል። ባቱ ሲሳብ በተሰማው ጊዜ እስከ 30 ቈጥሮ ይመለስ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ያድርግ።

በወንዝ ስትዋኙ ብትያዙ ግን ከሁሉ ይልቅ መረጋጋት ያስፈልጋል። አትንፈራገጡ፤ በጀርባችሁ ተንሳፍፋችሁ ባልንጀራችሁን ጥሩ፤ ጣቶቻችሁንም ወደ ፊታችሁ ሳቡ። ሲለቃችሁ ወደ ዳር ውጡ፤ በዚያም ቀን ወደ ውኃው አትመለሱ። በዳር ያለው ባልንጀራም ረጅም እንጨት ወይም ገመድ ያቀብል እንጂ ዘሎ አይግባ፤ የሰመጠውን ሊያወጣ ገብቶ አብሮ የሰመጠ ብዙ ነውና።

አሁን ስለ ምላጩ እንናገር። ባትን መብጣት የተኰማተረውን ጡንቻ አይፈታም። ከዚህም በላይ በቍስል የሚገባ አንድ ክፉ ደዌ አለ፤ መንጋጋ ቆልፍ ይባላል። የዚህ ደዌ ዘር በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ በቆሸሸ ምላጭም ወደ ሰውነት ይገባል። የያዘውም ሰው መንጋጋው ይገጥማል፥ ጡንቻው ሁሉ ይኰማተራል፥ ብዙ ጊዜም ይሞታል። እንግዲህ ከደቂቃዎች በኋላ በራሱ የሚለቅ ሕመም ስለ ያዘው፥ ሰውን ለሚገድል ደዌ በር መክፈት እንዴት ያለ ጥፋት ነው!

በቤት የማይታከም ምልክትም አለ። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢግል፥ ሕመሙም ባይለቅ፤ እግር ቢደነዝዝ ወይም ቢሰንፍ፤ መኰማተሩ ከብዙ ተቅማጥና ትውከት ጋር ቢመጣ፤ ወይም ከቍስል በኋላ መንጋጋ አልከፈት ቢል፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ልጆች ሆይ፥ በዚያ ሌሊት በቤቱ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ልጁን ይወድዱት ነበር፤ ዱላና ምላጭ የፈለጉትም ከማዘናቸው የተነሣ ነው። የረዳው ግን ሳይቸኵል የሚያውቀውን ያደረገው አጎቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከጓደኛችሁ ጋር ይህን ተለማመዱ፤ አንዱ ይቀመጥ፥ ሁለተኛው ጣቶቹን ይሳብለት፥ እስከ 30ም ይቍጠር። ነገ አያታችሁ በሌሊት ባታቸውን ይዟቸው ቢጮኹ፥ የቤቱ ሁሉ ታናሽ ብትሆኑም የምትረዷቸው እናንተ ትሆናላችሁ።