ሳይቃጠል በቅጠል
(በካምፓችን ሬዲዮ የጤና ሰዓት ከቀረበው)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ቃጠሎ ነው። እዚህ ካኩማ ብዙ ቤት የሚሠራው በሸራ፣ በእንጨትና በዘንባባ ቅጠል ነው። ነፋሱንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ሙቀት፣ የሚቃጠል ነገርና አየር። አንዱን ከነሣነው ይጠፋል። ውኃ ሙቀቱን ይወስዳል፤ አሸዋ አየሩን ይከለክላል። ስለዚህ አንድ ባልዲ አሸዋ ከደጃችን አይጥፋ።

ምን እንጠንቀቅ?

1. ምድጃን ከሸራና ከግድግዳ አርቁ። ቡና ከተፈላ በኋላ ፍሙን አጥፉ፤ ትኩስ አመድ ለነፋስ አትድፉ። ከሰል የተያያዘበትን ምድጃ መኝታ ቤት አታሳድሩ፤ የማይታይና የማይሸት ጋዙ በእንቅልፍ ይገድላል።

2. ኩራዝ ላይ ላምባ የሚጨመረው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ቤንዚን ፈጽሞ አይቀላቀልበት። ሻማ ሳይጠፋ አይተኛ።

3. ዘይት ድስት ውስጥ ከተቀጣጠለ ውኃ አትድፉበት፤ በክዳን ግጠሙት።

4. ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ስለ በር ነው። ለውኃ ወይም ለራሽን ወረፋ ስንሄድ ልጆችን ከውጭ ቆልፈንባቸው የምንሄድ አለን። ለደኅንነታቸው ብለን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ሸራና ቅጠል በደቂቃዎች ነዶ ያልቃል፤ ቁልፍ እስኪመጣ አይጠብቅም። እናቶች ሆይ፣ ተራ ግቡ፤ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ የሁለቱንም ልጆች ትጠብቅ።

እሳት ከተነሣ «እሳት!» ብላችሁ ጩኹ፤ ሰው ይውጣ፣ ዕቃ ይቅር። ጢስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጎንበስ ብላችሁ ውጡ። ለሰነድ ብላችሁ ተመልሳችሁ አትግቡ፤ ሰነዳችሁ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ቦርሳ በሩ አጠገብ ይቀመጥ። ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል።

የተቃጠለ ሰው ቢኖርስ? በአንድ የተረኝነቴ ቀን እጁ የተቃጠለ ሕፃን መጣልን። ቁስሉ በጥርስ ሳሙና ተለቅልቆ ነበር። እሱን ማጠቡ ልጁን እንደ አዲስ አስለቀሰው። ቅቤ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቁ፤ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ክሊኒክ አምጡ። ውኃ እንደሚቸግረን አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ጀሪካኑ ለዚህ ይሁን።

ይህን ያልሰማ ጎረቤት ካለ ንገሩልን። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ደኅና ሁኑ።